ነባር ተመልካችና አዲሱ ባትማን፦ በደብረ ማርቆስ የፊልም ብያኔ ላይ የቀረበ አጭር ጥናት

በደብረ ማርቆስ ይግባኝ የማይባልበት ፍርድ አንድ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እሱም ነባር ተመልካች ስለ አዲስ ፊልም የሚሰጠው ብያኔ ነው። ነባር ተመልካች ማለት በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ማየት የጀመረ፣ በዲሽ ዘመን ኤምቢሲ 2ን ከነዐረብኛ የግርጌ ጽሑፉ ያዘወተረ፣ ዛሬ ደግሞ ፊልሙን በፍላሽ አስጭኖ ወይም ከቴሌግራም አውርዶ፣ አንድ ተርጓሚ የወንዱንም የሴቱንም ድምፅ ብቻውን በሚሸፍንበት በ«ትርጉም ፊልም» መልክ የሚያይ ሰው ነው። በእሱ አነጋገር «አክተሩ» የማይሞተው ሰው፣ «ቦሱ» ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚሞተው ሰው ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ያሉት ሁሉ በየተራቸው ይሞታሉ።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ነባር ተመልካች በ«ዘ ባትማን» ላይ የያዘውን አቋም ነው። ፊልሙ በማት ሪቭስ አዘጋጅነትና በሮበርት ፓቲንሰን መሪ ተዋናይነት ተሠርቶ የካቲት 25 ቀን 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ለእይታ የበቃ ሲሆን፣ 176 ደቂቃ ይፈጃል። ባትማን ራሱ ግን የቆየ ሰው ነው፤ ቦብ ኬንና ቢል ፊንገር የፈጠሩት ይህ ጭምብል ለባሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1931 ዓ.ም. በ«ዲቴክቲቭ ኮሚክስ» 27ኛ ቁጥር፣ ማለትም የመርማሪዎችን ታሪክ በሥዕል ያወጣ በነበረ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ነው። ቀደም ያሉት ፊልሞች ብዙውን ጊዜ መኪናውንና ቡጢውን ሲያስቀድሙ፣ አዲሱ ግን ሰውዬውን ወደ ጥንተ ሥራው፣ ወደ ምርመራ መልሶታል። ነባር ተመልካች በመኪናውና በቡጢው ላይ ቅሬታ የለውም፤ በምርመራው ላይ ግን አለው፤ ጎጃም ምርመራን ከፊልም የተማረ አገር አይደለምና።

ቀላል ነጥቦችን በአጭሩ ማለፍ ይገባል። ፊልሙ ከመጠን በላይ ጨለማ ነው የሚለው አስተያየት ሲቀርብ፣ መብራት መሄዱ የሚታወቀው ድምፁ ሲቋረጥ ብቻ መሆኑ በማስረጃነት ይጠቀሳል። ጎታም በተባለችው የፊልሙ ከተማ ዝናብ አያባራም፤ ነገር ግን የሐምሌን ዶፍ በጮቄ ተራራ ሥር ያሳለፈ ሰው ይህን የሚቆጥረው እንደ ልዩ ድባብ ሳይሆን እንደ ተራ የክረምት ወር ነው። ጥቁሩ ካባም ቢሆን፣ የደጋ ሰው ብርድና ዝናብ የሚከላከልበት ከበግ ፀጉር የሚሠራ በርኖስ ስላለ እንግዳ አልሆነም፤ ልዩነቱ በርኖስ የለበሰ ሰው ከፎቅ ላይ አለመዝለሉ ነው።

የመጀመሪያው ከባድ ቅሬታ ፉከራን ይመለከታል። ፉከራ ጀግና ማንነቱንና ሙያውን በአደባባይ የሚያውጅበት ሥርዓት ሲሆን፣ ፎካሪው የማን ልጅ እንደሆነ መናገሩ የተለመደ ነው። የባትማን ታሪክ በወጣበት በዚያው በ1931 ዓ.ም. በላይ ዘለቀ በጎጃም ከጣሊያን ጦር ጋር እየተዋጋ ነበር፤ እሱም «አባ ኮስትር» የሚል ሌላ ስም ነበረው፤ ሆኖም ሌላው ስም የወጣለት ማንነቱ ይበልጥ እንዲታወቅ እንጂ እንዲደበቅ አልነበረም። ባትማን ግን በፊልሙ መግቢያ ላይ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ወሮበሎች ማን እንደሆነ ሲጠይቁት ራሱን «በቀል» ብሎ ያስተዋውቃል፤ የአባቱ ነገር በፊልሙ ውስጥ ትልቅ ጉዳይ ሆኖ ሳለ እንኳ የአባቱን ስም አያነሳም። ነባር ተመልካች ይህን ያልተሟላ ፉከራ ይለዋል። መዘዙ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከቦሱ ተከታዮች አንዱ ተይዞ ማንነቱን ሲጠየቅ ያንኑ ቃል መልሶ ሲናገረው ባትማን ክው ይላል። የፊልም ተቺ ይህን የገጸ ባሕርዩ የለውጥ ነጥብ ሊለው ይችላል፤ በደብረ ማርቆስ ግን የአባት ስም ያልተጠራበትን ፉከራ ማንም አንስቶ ሊፎክርበት እንደሚችል የሚያረጋግጥ ማስረጃ ተደርጎ ይወሰዳል።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ እንቆቅልሹ ነው። ሪድለር የተባለው ቦስ፣ ማለትም እንቆቅልሽ ጠያቂው፣ የከተማዪቱን ከንቲባ ገድሎ ለባትማን ካርድ ያስቀምጣል፤ በካርዱ ላይ ያለው ጥያቄ በእንግሊዝኛ መዋሸትንም መጋደምንም በሚያመለክት አንድ ቃል ላይ የቆመ ነው። አንድ ቃል ለሁለት ምሥጢር የሚውልበት ይህ ዘዴ በቅኔ ቤት ኅብር ይባላል። እነ ዲማ ጊዮርጊስንና እነ ዋሸራን የመሰሉ ቅኔ ቤቶች ባሉበት፣ ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ በሚዘልቅበት አገር፣ በአንዲት ኅብር ብቻ ተማምኖ ከንቲባ መግደል ከወንጀልነቱ ባሻገር የትምህርት ማነስን ያሳያል። ነባር ተመልካች ለሪድለር የሚመሰክርለት አንድ ነገር ቢኖር ደንቡን ማወቁን ነው። በልጆች እንቆቅልሽ መልሱን ያጣ ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጠያቂውም የተሰጠው አገር ካላስደሰተው ሌላ ይጠይቃል። ሪድለርም የመጨረሻው ዕቅዱ በጊዜ ሳይደረስበት ሲቀር የባሕር መከላከያውን ግንብ በቦንብ አፍርሶ ጎታምን በጎርፍ ወስዷታል። ነባር ተመልካች ባትማን ገና በጧቱ ሌላ ከተማ ሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሰላም ያልቅ እንደነበር ያምናል።

ሦስተኛውና ዋናው ቅሬታ የምርመራውን ዘዴ ይመለከታል። በቀድሞው ዘመን ሌባው ወይም ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ ይደረግ ነበር፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ይከለከላል፤ በአደባባይ ለመናገር የፈራ ሰው «ወፍ» በሚል ስም ምሥጢሩን ለሽማግሎች ያደርሳል፤ ጥፋተኛው ካልተገኘ ደግሞ ሁሉም በጋራ ይከፍላል። የፊልሙ ምርመራ እንብርትም ለባለ ሥልጣናት ምሥጢር ያቀበለው ክንፍ ያለው ጠቋሚ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ባትማንና ጎርደን የተባለው ፖሊስ ፔንግዊን የሚባለውን ወንበዴ ተጠራጥረው በዝናብ በመኪና ያሳድዱታል፤ በመጨረሻ ግን ጠቋሚው ስሙ ከጭልፊት ጋር የሚገናኘው ፋልኮን የተባለ የማፍያ አለቃ ሆኖ ይገኛል። ጠቋሚ ወፍ መሆኑን ከአያቱ የሰማ ተመልካች ይህን ለማወቅ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅበት ምክንያት አይታየውም።

ከሁሉ የከፋው የመሣሪያው ነገር ነው። ባትማን ከንቲባው የተገደለበትን ብረት በሪድለር ቤት አግኝቶ እያገላበጠ ሲያየው እንኳ ለምን እንደሚያገለግል አያውቅም፤ የሚነግረው አጎቱ ምንጣፍ አንጣፊ የሆነ አንድ ተራ ፖሊስ ነው፤ ብረቱ የምንጣፍ ጠርዝ ወደ ግድግዳ ሥር የሚገፋበት ነበር። ምንጣፉ ሲገለጥ የሪድለር ዕቅድ ከሥሩ ተጽፎ ይገኛል፤ ነገር ግን ጊዜው አልፏል። ሪድለር ራሱም ቀደም ብሎ ካፌ ተቀምጦ እጁን ሰጠ እንጂ ባትማን አሳዶ አልያዘውም፤ እስከ ፊልሙ ፍጻሜም አይሞትም፤ ይህ ደግሞ ከላይ ለተሰጠው የ«ቦሱ» ትርጉም አስቸጋሪ ሆኗል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው፦ ሀብቱና ረቂቅ መሣሪያው የሞላለት ይህ መርማሪ የጎደለው አጎት ብቻ ነው። ጎታም አውጫጭኝ ብትጠራ ኖሮ ምንጣፍ አንጣፊው አጎት ከሕዝቡ መካከል ቁጭ ብሎ ይገኝ፣ ብረቱንም ገና ሲያየው ይለየው ነበር።

በዚህ ምክንያት ነባር ተመልካች ፊልሙን የጣለው ሊመስል ይችላል፤ አልጣለውም። ባትማን መጨረሻ ላይ ብርሃን ይዞ ከፊት እየመራ ሕዝቡን ከጎርፍ ሲያወጣ ሙሉ ድጋፉን ይሰጠዋል፤ ብያኔውም በአጭሩ «ሰውዬው ጎበዝ ነው፣ መርማሪነቱን ግን ይተወው» የሚል ነው። ፊልሙን ገና ያላየ አንባቢ ከነባር ተመልካች አጠገብ ተቀምጦ እንዳያይ ይመከራል፤ ገዳዩን ሳይጠየቅ ይናገራልና።