ወረቀት የማይጠግብ ሙያ

ዲግሪዬን የያዝኩ ሰሞን እናቴ አንኮበር ጎረቤላ ላይ በግ አርዳ ጎረቤት ጠርታ ነበር። «እፎይ፣ ተገላገልክ ልጄ» አለችኝ። እኔም የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ይኸው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ ውርጩ በመስኮት ስንጥቅ እየገባ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ዛሬም ለፈተና አጠናለሁ። በደወለች ቁጥር «አሁንም አልጨረስክም እንዴ?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

ኧረ የአይቲ ሰው ወረቀት ማለቂያ የለውም! ዲግሪ አሉን፣ ያዝን። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨመረ። በቴክኒክና ሙያ በኩል የመጣው ሲኦሲ የሚሉት የብቃት ምዘና አለበት። ይሁን፣ እሱንም ተፈተንን። አሁን ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆመን ስናነብ ከታች በኩል «ሲሲኤንኤ ያለው/ያላት ይመረጣል» የምትል መስመር ትጠብቀናለች፤ የኔትወርክ ሰርተፊኬት መሆኑ ነው። የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት፣ ደመወዝ በስምምነት፣ ሰርተፊኬት ግን የግድ።

የትኛውን ልያዝ ብለህ ሦስት ሰው ከጠየቅህ አራት መልስ ይዘህ ትመለሳለህ። አንዱ ኔትወርክ ያዝ ይልሃል። ሌላው ኔትወርክ አብቅቶለታል፣ ክላውድ ነው ይልሃል። ሦስተኛው ሴኩሪቲ ይልና፣ ቡናውን ሳይጨርስ ወደ ዳታ ያዞርሃል። አንተ እስክትመርጥ ደግሞ ባለቤቶቹ ራሳቸው ያፈርሱታል። ሲስኮ የካቲት 2012 ላይ በየዘርፉ ከፋፍሎት የነበረውን ሲሲኤንኤ ጠቅልሎ አንድ አደረገው። ማይክሮሶፍት ጥር 2013 ላይ ስንቱ የቋመጠለትን ኤምሲኤስኢ ዘጋው። ለእሱ ብዬ የገዛሁት ወፍራም መጽሐፍ አሁን የሞኒተሬ ማስቀመጫ ነው። ቁመቱ ልክ ነው፣ አንገቴን አያመኝም።

ገንዘቡስ? የሲሲኤንኤ ፈተና 300 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 17 ሺህ ብር ገደማ ነበር። «ትንሽ ላጠራቅም» ብዬ አዘገየሁት፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ጠበቀኝ። ኮምፕቲያ ኤ ፕላስ ደግሞ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ፈተናው ሁለት ነው፣ ክፍያውም እንደዚያው። ብሩ ቢገኝ እንኳ የሚከፈለው በውጭ ካርድ ነው። «አሜሪካ ዘመድ የለህም?» ይሉሃል፣ ዘመድ መኖሩም የመመዝገቢያ መስፈርት ይመስል።

ካርዱ ተገኘ እንበል። ስምህ መታወቂያህ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። የቀበሌው መታወቂያ በአማርኛ ነው፤ ፓስፖርቴ ላይ ደግሞ የአባቴ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዲት ፊደል ተርፋለች። ዲግሪዬ ላይ ያቺ ፊደል የለችም። የአባቴን ስም አጻጻፍ አባቴ ራሱ አያውቀው! ከዚያ በሌሊት መናኸሪያ ወርደህ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘህ አዲስ አበባ ትፈተናለህ። ብታልፍም ወረቀቱ የሚያገለግለው ሦስት ዓመት ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት፣ «ያቺ የሰርጌ ባና እንኳ ስንት ዘመኗ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ነፃውንም ሞክሬያለሁ። በ2015 ክረምት የአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲዘጋ አንድ ኦንላይን ኮርስ አጋማሽ ላይ ጥሎኝ ቀረ። ቆይቶ የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና መጣና ጨረስኩ። እግዜር ይስጥልን፣ ትምህርቱ ደህና ነው። ወረቀቱን ለአንድ ቀጣሪ ባሳየው ግን «ይሄማ ሁሉም ጋ አለ» ብሎ መለሰልኝ። የሌለኝን ይጠይቃሉ፤ ያለኝን ሁሉም ጋ አለ ይላሉ።

አንዳንዴ አንኮበር ስወጣ ያ የስዊዝ መሐንዲስ፣ አልፍሬድ ኢልግ፣ ትዝ ይለኛል። በ1871 ዓ.ም. ዙሪክ ተምሮ እዚያ ድረስ ሲመጣ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እስቲ ጫማ ሥራ አሉት ይባላል። መሐንዲስ ነኝ ቢልም አልቀረለትም፣ ሠራ። ድሮ በዚህ እቀና ነበር፤ ወረቀት አልተጠየቀም፣ እጁ ታየለት እያልኩ። አሁን ግን አዝንለታለሁ። እኔም በኔትወርክ ባለሙያነት ተቀጥሬ የአለቃ ልጅ ስልክ ስፎርማት፣ የእንግዳ ማረፊያውን ሪሲቨር ሳስተካክል እውላለሁ። በዲግሪም በሰርተፊኬትም ያልተማርኩት ይሄንን ብቻ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ለኔትወርክ ፈተናዬ ሰብኔት እያሰላሁ ነበር። ከስንት ቀን በኋላ ገና ገብቶኝ ደስ እያለኝ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሂሳብ ክፍል ናት።

«አይቲ፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ይዞብኛል፣ ቶሎ በል እባክህ!»

እኔንም ወረቀት ይዞኛል አልላት። ደብተሬን አጥፌ ወረድኩ።