ሐተታ ኪሮሽ ዘላይ ቤት ወዘታች ቤት

ኪሮሽ ምንድን ናት ቢሉ፣ ርዝመቷ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ፣ ጫፏ የተቈለመመ፣ ክር እየሳበች በክር ውስጥ የምታሳልፍ ቀጭን የብረት ዘንግ ናት። አንድም፣ በዳባትና በደባርቅ፣ ሊማሊሞንም ወርዶ እስከ ድብ ባሕር ድረስ በሚገኙት ቤቶች ሁሉ፣ ባለቤቲቱ ስትፈልጋት የምትጠፋ፣ እንግዳ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ግን ሳትፈለግ የምትገኝ ናት። ሁለተኛው ትርጓሜ በብዙ ምስክር የጸና ስለ ሆነ እኛም እርሱን ይዘን እንሄዳለን።

ስለ ስሜን የተጻፈው ጥቂት አይደለም። የራስ ደጀን ከፍታ 4,533 ሜትር ተብሎ ተለክቷል፤ የዋልያው ቀንድ፣ የጭላዳው ደረት፣ የቀይ ቀበሮው ጅራት በየተራ ተመርምሯል፤ የስሜን ብሔራዊ ፓርክም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ዘውድ ባሰናዱት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1847 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ እንደ ነገሡበትም ታሪክ ሳያስቀር ጽፎታል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን፣ ከተራራው ሥር በየደጃፉ ተቀምጣ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የምትቈጥረው ሴት ምን እንደምትቈጥር የጠየቀ ሊቅ አልተነሣም፤ የጠየቀም ቢኖር ቍጥሩን ስላሳታት መልስ አላገኘም።

የነገሩን ጥንት ለመያዝ ወደ ግብፅ መውረድ ግድ ነው። ኦክሲሪንኩስ ከምትባል ጥንታዊት ከተማ መካነ መቃብር ተቈፍሮ የወጣ፣ ዛሬም በሎንዶን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር የሚገኝ አንድ ጥንድ ቀይ የሱፍ ካልሲ አለ፤ ዕድሜውም እ.ኤ.አ. ከ250 እስከ 420 ባለው ዘመን መካከል ይገመታል። የተሠራው በአንድ መርፌ ሲሆን፣ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ተለይቶ የራሱ ቤት ተሰጥቶታል፤ ይኸውም ጠፍሩ በመካከል እንዲያልፍና ካልሲው ከነጠላ ጫማ ጋራ እንዲለበስ ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከእስክንድርያው ከአትናቴዎስ ማዕርገ ጵጵስና ተቀብሎ ወደ አክሱም የተመለሰው በዚሁ ዘመን ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል፣ ጳጳስ ከግብፅ ስናስመጣ፣ ቀኖና ከግብፅ ስናስመጣ፣ ስንክሳሩን ከዐረብኛ ስናስመልስ፣ ጫማ አውልቆ ወደ ቤተ መቅደስ በሚገባበት አገር ከሁሉ ይልቅ ለዐይን የሚቀርበው ካልሲ እንዴት ሳይመጣ ቀረ? እንደ እኔ አስተያየት የቀረበት ምክንያት ይኸው መታየቱ ነው፤ የተቀደደ ካልሲ ከባዶ እግር ይልቅ ያሳፍራልና፣ አባቶች ይህን አስቀድመው ተመልክተው ተዉት።

ዊልያም ሊ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1589 ካልሲ የሚሠራ መኪና ባወጣ ጊዜ ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ፈቃድ ነፈገችው ይባላል፤ የድኾች እጅ ሥራ እንዳይፈታ በማሰብ ነው ይላሉ። በእኛም አገር ፋብሪካ ድሩን ከፈታይዋ እጅ ወስዶባታል፤ ዛሬ ሸማኔው ድሩን ከሱቅ ይገዛና ከእጅ ፈትል የሚጠብቀው ማጉን ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ግማሽ ቀን ሥራ የፈታው እጅ ኪሮሽ ሳያነሣ እንዳልቀረ እገምታለሁ፤ ንግሥት ግን አልመከረችበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ እንደ ተከፈለ ሁሉ፣ የስሜን ግርጌ የክር ሊቃውንትም በሁለት ወገን ይቆማሉ፤ ልዩነታቸው ከአየሩ ስለሚነሣ መለያያ ድንበራቸው ሊማሊሞ ነው። ላይ ቤት በደባርቅ ይገኛል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር የሚልቅ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠ ብርዱ ማንንም አያዳላም፤ ስለዚህ የላይ ቤት ሴቶች የበግ ፀጉር አጥበው፣ በደጋን ነድፈው፣ በእንዝርት ፈትለው፣ በልቃቂት ጠቅልለው፣ ጆሮ የሚሸፍን ቆብ ይሠራሉ፤ ልጆቻቸውም ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ዳር ቆመው ለፈረንጅ ይሸጡታል። የዚህ ቤት ትምህርት አጭር ነው፤ ሥራ ሁሉ ለሙቀት ነው ይላሉ፤ ከዚህ ያለፈውን ሁሉ ከንቱ ውዳሴ ብለው ይተዉታል።

ታች ቤት ግን በጣልያን ወረራ ዘመን በተቈረጠው ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ በድብ ባሕር ይገኛል። በዚያ ሰው ከላዩ ላይ የሚያወልቀውን እንጂ የሚደርበውን አይፈልግም። እጁ ግን መሥራት አለበት፤ ክሩም ተገዝቷል። ስለዚህ የታች ቤት ሊቃውንት፣ ሰውን ማልበስ ባይቻል ዕቃን ማልበስ ይቻላል ወደሚል እጅግ ጥልቅ ፍልስፍና ደረሱ። ሶፋው ለበሰ፤ ቡፌው ለበሰ፤ ረከቦቱ ለበሰ፤ ራዲዮኑ ድምፁ እስኪታፈን ድረስ ለበሰ። በባለቤቱ ትከሻ ላይ ያለው ጋቢ ሳስቶ ሳለ የቤቱ ቴሌቪዥን የበዓል ልብስና የአዘቦት ልብስ ያለው ሆነ። የታች ቤት ትምህርት፣ ሥራ ሁሉ ለክብር ነው የሚል ነው፤ ላይ ቤቶች ይህን ሲሰሙ፣ ቴሌቪዥን መቼ በረደው ብለው ይጠይቃሉ፤ ታች ቤቶችም፣ ክብር የሚሰጠው ለበረደው ብቻ ነውን ብለው ይመልሳሉ። በደባርቅ ቆብ ደፍቶ የተነሣ መንገደኛ ሊማሊሞን ሲወርድ ከስንተኛው ጠመዝማዛ ላይ ቆቡን ማውለቅ እንዳለበት ግን እስከ ዛሬ ስምምነት አልተገኘም፤ በአውቶቡሱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያስታርቀው ሾፌሩ ነው።

የታች ቤትን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስለ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ዝም ብሎ ሊያልፍ አይገባውም። የቀድሞው ቴሌቪዥን ጀርባው የገዘፈ፣ ራሱ የሰፋ ስለ ነበር፣ ዳንቴሉ በራሱ ላይ ተነጥፎ ጫፉ በመስተዋቱ ፊት ይወርድ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ዜና አንባቢው ግንባሩ ድረስ ተከናንቦ ይታይ ስለ ነበረ፣ የሚያነበው ነገር ሁሉ በአክብሮት ይደመጥ ነበር። እነሆ፣ ባለቤቱ ሳይማከር፣ ጎረቤት ሳይሰማ፣ ውፍረቱ ከጣት የማይበልጥ፣ ጫፉ ላይ እንኳን ዳንቴል ዝንብም የማትቆምበት ቴሌቪዥን መጣ። የመጀመሪያው ዳንቴል ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ወደቀ፤ ሁለተኛው በመርፌ ቍልፍ ተያዘና ወደ ፊት ወደቀ። አንዳንዶች፣ ዳንቴሉ ይቅር ብለው ተስፋ ቈረጡ፤ አንዳንዶች፣ ቴሌቪዥኑ ይቅር አሉ፤ ሦስተኞቹ ግን መላውን ፊት የሚሸፍን፣ ዜና ሲደርስ ተገልጦ ዜና ሲያልቅ የሚመለስ ሰፊ መጋረጃ ሠርተው ሰቀሉለት። ይህ መፍትሔ ከቀድሞው ይልቅ ሦስት እጥፍ ክር ስለሚፈጅ ያለ ክርክር ጸደቀ። ክር የሚጨምር ውሳኔ በዚህ የክር ሊቃውንት ጉባኤ ውድቅ ሲሆን አልታየም።

ከሁሉ የከበደው የጉባኤው ጥያቄ ግን የበዓል ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ይውላል፤ ሰንበታቱም ለብቻ ናቸው። በእነዚህ ቀናት ሞፈር አይነሣም፣ እህል አይፈጭም፣ እንዝርት አይሾርም። ኪሮሽስ? ይህ ጥያቄ በአቦል ተነሥቶ፣ በቶና ተሟግቶ፣ በበረካ ሳይፈታ ሲያድር ስንት ዘመን ሆኖታል። እመቤታችን ብሥራቱን በሰማች ጊዜ ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደ ነበረ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሥሎ ስለሚታይ፣ የፈትልን ክብር የሚጠራጠር የለም፤ የተቸገሩት፣ የከበረ ሥራ በከበረ ቀን ይሠራል ወይስ አይሠራም በሚለው ላይ ነው። እማሆዮቹ፣ ክር የነካ እጅ ሥራ ሠርቷል ብለው አጥብቀው ይይዛሉ። ወጣቶቹ ደግሞ፣ ሥራ ማለት ወይ ደመወዝ ያለው ወይ ማለቂያ ያለው ነገር ነው፤ ኪሮሽ ሁለቱም ስለሌላት ጨዋታ ናት ይላሉ፤ ይህም ማስረጃ በአመክንዮ በኩል የሚነቀፍ አይደለም።

የጠነከረው ግን የሦስተኛዎቹ ሐሳብ ነው። እነዚህ፣ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የተሳለ ሥራ በበዓል ቢሠራ አገልግሎት ነው እንጂ ሥራ አይባልም ብለው ያስተምራሉ። ስለዚህ በስሜን ግርጌ በበዓል ቀን የሚጀመረው ዳንቴል ሁሉ ለመጋረጃ የተሳለ ነው። በማግሥቱ ሲለካ ስፋቱ ለመጋረጃ እንደማይበቃ ይታወቃል፤ ለቡፌው ግን ልክ ይሆናል። ይህ ነገር ሳያቋርጥ ስለሚደጋገም በአጋጣሚ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ በተንኰል ነው ማለትም እትዬዎችን ማስቀየም ስለ ሆነ፣ ምስጢር ነው ብለን እናልፋለን።

ካልሲ ወደዚህ ጉባኤ የገባው ዘግይቶ ሲሆን፣ አገባቡም እንዲህ ይተረካል። አንድ በቅሎ ነጂ በሳንቃበር፣ ከፈረንጅ ድንኳን ገመድ ላይ በነፋስ የወደቀ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አግኝቶ፣ የሕፃን ቆብ መስሎት ለሚስቱ ይዞላት ገባ። እርሷም ወደ ብርሃን አውጥታ ብታገላብጠው ስፌት አጣችበት፤ ጠባብ ሆኖ ይወርዳል፣ ከታች ይታጠፋል፣ ከታጠፈም በኋላ ሳይቈረጥና ሳይቀጠል ይቀጥላል። ጠባዩን ለመረዳት ከአፉ ጀምራ ፈታችው። ሲነጋ በእጇ ላይ አንድ ጥሩ ልቃቂት ክር ነበረ፤ ካልሲ ግን አልነበረም። ፈረንጁም በአንድ እግሩ ካልሲ፣ በአንድ እግሩ ባዶውን ወርዶ ወደ አገሩ ሄደ፤ ስለ ስሜን ብርድ የጻፈው ነገር ካለ በዚህ ምክንያት ሚዛኑ ሳይዛባ አልቀረም።

ሴቲቱ ግን አላረፈችም። ካልሲ ኪሮሽ የማይበቃው ነገር መሆኑን ከፈታችው ክር ጠባይ አውቃ፣ ከአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ላይ አምስት መርፌ ቈርጣ ጫፋቸውን በድንጋይ አሾለች፤ ሥራው በአራቱ ተይዞ በአምስተኛው ይዞራልና። ኪሮሽ ብቻ የሚያውቁት ጎረቤቶቿ ይህን ባዩ ጊዜ፣ አምስት መርፌ ለአንድ እግር ብለው እንደ ኑፋቄ ቈጠሩት። ምስጢሩ ተረከዙ ላይ ነበረ። እግር ቀጥ ብሎ ቢፈጠር ኖሮ ካልሲ ተራ ከረጢት በሆነ ነበር፤ ተረከዝ በመኖሩ ግን የቀለበቶቹ እኩሌታ በመርፌ ላይ ቆመው እየጠበቁ፣ እኩሌቶቹ ብቻ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ፣ በየመልሱም እያጠሩ፣ ኋላም እየረዘሙ ጕርጓድ ያበጃሉ፤ ከዚያ በኋላ የቆሙት ተጠርተው ዙሩ እንደ ቀድሞው ይቀጥላል። ይህን ያለ መጽሐፍና ያለ መምህር እስክታገኝ ድረስ የሠራቻቸው ነገሮች ለጀበና አንገት፣ ለፋኖስ መስተዋትና ለሕፃን ክንድ ተከፋፍለዋል።

በዚህ ሥፍራ ስለ ማዳበሪያው መናገር ያስፈልጋል። በላይ ቤትም ሆነ በታች ቤት፣ ከአልጋው ሥር ክር የተሞላ ማዳበሪያ የማይገኝበት ቤት የጉባኤው አባል ሆኖ አይቈጠርም። ክሩ የተገዛው ጨው ለመግዛት በተወጣበት የገበያ ቀን ሲሆን፣ ጨው ተረስቶ መቅረቱም የሥርዐቱ ክፍል ነው፤ በሚቀጥለው ገበያ መውጫ ምክንያት እንዲኖር። ዋጋው ሁለት ነው፤ ለነጋዴው የሚከፈለውና ለባል የሚነገረው። ባልም፣ ይህ ደግሞ ለምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ይሆናል የሚል መልስ ያገኛል። ክሮቹ በዓመት አንድ ጊዜ ብል እንዳይበላቸው ተብሎ ወደ ፀሐይ ይወጣሉ፤ በዚያን ዕለት ጎረቤት ሁሉ ተጠርታ ትመጣለች፣ እያንዳንዱም ልቃቂት ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ በጣት ይታሻል፣ ጕንጭ ላይ ይለካል፤ የሁሉም ዘር፣ ቀለምና የተገዛበት ገበያ ይተረካል፤ ማታ ደግሞ አንድም ሳይነካ ወደ ማዳበሪያው ይመለሳል።

ስለዚህ የበቅሎ ነጂው ሚስት የመጀመሪያውን ካልሲ ፈጽማ ለባሏ ባጠለቀችለት ጊዜ፣ እርሱ በረባሶውን አውልቆ እግሩን ከነሙቀቱ አስተውሎ ከተመለከተ በኋላ፣ «ሁለተኛውስ መቼ ነው?» አላት።

«ክር አልቆብኝ ነው» አለችው።

ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር ያለውን ማዳበሪያ እየጎተተ፣ «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» ቢላት፣ ደንግጣ ከእጁ ነጠቀችውና፣

«ኧረ እሱን ተወው! እሱማ ደኅና ክር ነው» አለችው።

በዚህ መልስ ላይ ቤትም ታች ቤትም ይስማማሉ።