ከኪሱ ከፍሎ ጆሮ ጠቢ

በእጅ የሚያዝ የሬዲዮ ስካነር ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ፖሊስ ነው። መሣሪያው ግን መናገር የማይችል፣ መስማት ብቻ የተፈቀደለት ሬዲዮ ነው። የተሞሉለትን ቻናሎች በየተራ ያስሳል፤ ድምፅ ያለበት ላይ ሲደርስ ቆሞ ያሰማል፤ ንግግሩ ሲያበቃ መንገዱን ይቀጥላል። ርካሹ እንኳ በሴኮንድ ወደ መቶ የሚጠጉ ቻናሎችን ይዳስሳል። በእኛ አገር ታሪክ ጆሮ ጠቢነት ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ ነበር፤ በአሜሪካ ግን ሰው ከኪሱ ከፍሎ፣ ባትሪ ድንጋይ እየቀየረ፣ በትርፍ ጊዜው በፈቃዱ ይሠራዋል። እኔ የምለው ይህ ድካም አቅጣጫውን ስቷል ነው። ስካነር የገዛ ሰው ፖሊሱን ትቶ አውሮፕላን ያድምጥ። በአየር ላይ ያለው ንግግር ሦስተኛ ሰው እንዲሰማው ታስቦ የተሠራ፣ ስለዚህም ሰሚውን ሌባ የማያደርግ ንግግር ነውና።

ፖሊስን ማድመጥ የክብር ዘመን እንደነበረው አልክድም። ዊጂ በሚል ስም የሚታወቀው የኒው ዮርኩ ፎቶግራፍ አንሺ አርተር ፌሊግ በ1938 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) መኪናው ውስጥ የፖሊስ ሬዲዮ እንዲይዝ ተፈቅዶለት፣ ሬሳው ሳይነሳ ካሜራውን ደቅኖ የሚገኝ ሰው ሆነ። ያ ዘመን አልፏል። የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርባት በዋሽንግተን ዲሲ የከተማው ፖሊስ ሬዲዮውን በ2011 አመስጥሯል፤ የኒው ዮርክ ፖሊስም በ2023 ከብሩክሊን ጀምሮ ተከትሏል። ለዲጂታል ስርጭት የተሠሩት ውድ ስካነሮች የሠፈሩን የፖስታ ኮድ ብቻ ሲነግሯቸው የአካባቢውን ቻናል ራሳቸው ይሞላሉ፤ የተመሰጠረው ላይ ሲደርሱ ግን እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ብዙ መቶ ዶላር አውጥቶ ዝምታ መግዛት ይቻላል ማለት ነው፤ ዝምታ ግን በነጻም ይገኛል። ሳይመሰጠር የሚገኘው የግል ወሬ ደግሞ መዘዝ አለው። በ1996 መጨረሻ ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ባልና ሚስት በስካነራቸው የያኔውን የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የኒውት ጊንግሪችንና የፓርቲ ባልደረቦቻቸውን የስልክ ስብሰባ ያዙ፤ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ጆን ቤይነር መኪና ውስጥ ሆነው በሞባይል ይነጋገሩ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ባለሥልጣናቱ መሰማታቸውን ያወቁት ወሬው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነው። ባልና ሚስቱም ጥፋታቸውን አምነው እያንዳንዳቸው 500 ዶላር ተቀጡ።

የአየሩ ነገር ሌላ ነው። ዘፈን የምንሰማበት ኤፍ ኤም 108 ላይ ያበቃል፤ ትንሽ ከፍ ብሎ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች ይነጋገራሉ፤ የሚነጋገሩትም ዛሬም ድረስ በኤ ኤም ነው። ይህ ኋላ ቀርነት የሚመስለው ሰው ምክንያቱን ይስማ። በኤፍ ኤም ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ ጉልበተኛው ደካማውን ውጦት ያልፋል፤ የተዋጠ ሰው መኖሩንም ማንም አያውቅም። በኤ ኤም ግን ድምፆቹ ሲጋጩ ፉጨት ይወጣል፤ ሰሚው ሁሉ አንድ ሰው ሳይደመጥ እንደቀረ ይረዳና ይጠይቃል። ቻናሉን የሚጋሩት አብራሪዎች ሁሉ የሌላውን ወሬ መስማት ሥራቸው ነው፤ ማን የት እንዳለ የሚያውቁት በዚህ ነው። በ1977 ተነሪፌ ደሴት ላይ፣ በጉም ውስጥ፣ ሁለት ጃምቦ ጄቶች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲያልቁ፣ ሊያድን ይችል የነበረው መልእክት በፉጨት ተበላሽቶ ነበር። ያም ሆኖ ለመነሳት ሲንደረደር በነበረው አውሮፕላን ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው ማኮብኮቢያውን ለቅቆ እንደሆነ ጠይቋል። ለመጠርጠር ያበቃው ለእሱ ያልተላከን ንግግር ማድመጡ ነበር። አልተሰማም እንጂ ጥያቄውስ ትክክል ነበር። እንግዲህ ጆሮ መጥባት የሙያ ግዴታ የሆነበት ሌላ ቦታ የሚያውቅ ይንገረኝ።

አዘገጃጀቱ የሚፈራውን ያህል አይደለም። ለአውሮፕላን ውዱ ስካነር ፈጽሞ አያስፈልግም፤ 500 ቻናል የሚይዘውና በሁለት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ዩኒደን ቢሲ125ኤቲ ከበቂ በላይ ነው። የአቅራቢያውን አውሮፕላን ማረፊያ ፍሪኩዌንሲዎች ባንክ በሚባለው አንድ የቻናል ማኅደር ሰብስቦ መሙላት፣ ኤ ኤም ላይ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከዚያ አንቴናውን መቀየር ነው። አብሮ የሚመጣው አጭር የጎማ አንቴና የሁሉም ነገር ስለሆነ የማንም አይደለም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 75ን በሜጋኸርዙ ሲያካፍሉት ቁመቱ በሜትር ይመጣል። ለ125 ሜጋኸርዝ 60 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ስኩዌልች የሚባለውን ማዞሪያ ደግሞ «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ እስኪጠፋ ብቻ ማዞር ይበቃል፤ ሙልጭ ያለ ጸጥታ የወደደ ሰው ብዙ ሲያዞረው ሩቅ ያለውን አውሮፕላንም አብሮ ያፍነዋል። ጀማሪን የሚያናድደው የአየር ጠባዩንና የማኮብኮቢያውን ሁኔታ በተቀዳ ድምፅ ያለማቋረጥ የሚናገረው ቻናል ነው። ስካነሩ እዚያ ሲደርስ ንግግሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ንግግሩ አያልቅም። ለዚህ መፍትሔው ቻናሉን ከአሰሳው የሚያስወጣ አንዲት ቁልፍ መጫን ነው። ሰርግ ላይ ማይክ ይዘው ለማይለቁ ሽማግሌዎች እንዲህ ያለ ቁልፍ ያልፈለሰፈው ኢንጂነር ምን ሲሠራ እንደኖረ አላውቅም።

«ታዲያ ምን ይሰማል? ቁጥር ብቻ አይደለም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይመጣል። አዎ፣ ቁጥር ነው፤ ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ ፍጥነት። ነገር ግን ፖሊሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ታርጋና ስለ መንገድ መዘጋት ነበር፤ ፊልሙ ነው ያሳሳተን። በአየሩ ቁጥር ውስጥ ግን ለለመደ ጆሮ ሰው አለ፦ ሌሊቱን ሙሉ አትላንቲክን አቋርጦ የመጣ ድካም፣ ተራ የተወሰደበት አብራሪ ቁጣውን በትሕትና ሲያሽሞነሙን፣ በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ደግሞ «ኢትዮጵያን» የሚለው የአየር መንገዳችን መጠሪያ ድንገት ሲመጣ። አነጋገራችን ሲታረም ለኖርን ሰዎች ሌላም ጉርሻ አለው። የዓለም አቀፉ የበረራ ደንብ የእንግሊዝኛውን ሦስት «ትሪ» ብላችሁ ጥሩ ይላል፤ ምላሳችሁን ጥርሳችሁ መሀል አታስገቡ እንደማለት ነው። እኛ ስንለው የኖርነውን አሁን ተወላጆቹ በደንብ ይማሩታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፦ ከፎቅ ወይም ከኮረብታ ጀርባ ያለ ሰው የመቆጣጠሪያ ማማውን አይሰማም፤ የሚሰማው አውሮፕላኑን ብቻ ነው። እውነት ነው። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ በ35,000 ጫማ ላይ ያለው አብራሪ ከ300 ኪሎ ሜትር ርቀት ጥርት ብሎ ሲሰማ፣ 20 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ሊጠፋ ይችላል። ሆኖም አብራሪ የተሰጠውን ትእዛዝ መልሶ እንዲደግም ይጠበቅበታል፤ ስለዚህ መልሱን የሰማ ጥያቄውንም ሰምቷል። ግማሽ ወሬ ሰምቶ ሙሉውን ማወቅ የሚቻልበት ሌላ ሠፈር የለም፤ በሌላው ሠፈር ግማሹን የሰማ የቀረውን ከራሱ ይጨምራል። በኢንተርኔት በነጻ ይሰማል የሚለውንም አልቃወምም፤ አንድ ሌላ ሰው ስካነሩን ሰክቶ ስላሠራጨው መሆኑን ብቻ ላስታውስ።

ሦስተኛውን ተቃውሞ፣ ሕጉን ግን መርታት አልችልም። በአሜሪካ የበረራ ንግግርን ማድመጥ የተፈቀደ ነው። በብሪታንያ ግን ስካነሩን ሱቅ ገብቶ በደረሰኝ መግዛት ይቻላል፤ በ2006ቱ የሬዲዮ ሕግ መሠረት ለአንተ ያልተላከን ንግግር መስማት ደግሞ አይቻልም፤ አውሮፕላንም ጭምር። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ነዋሪዎች የበለጠ አስባለሁ፤ በ2015 ፉጃይራ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ አውሮፕላን ሲያዩና ሲመዘግቡ የተያዙ ሦስት እንግሊዛውያን ሁለት ወር ያህል ታስረዋል። ስለዚህ ወደዚያ፣ ወይም ወደ አገር ቤት፣ ሻንጣ የሚያዘጋጅ ሰው ስካነሩን ቤቱ ትቶ ቢሄድ ይሻላል። ጉምሩክ ላይ ቆሞ «መናገር አይችልም፣ የሰው ወሬ መስማት ብቻ ነው የሚችለው» ብሎ ማስረዳት ነገሩን የሚያቃልልለት ከመሰለው ተሳስቷል።