የደብሊው ነገር

ጎማ ሲተነፍስ አልናደድም። ትራፊክ ሲያስቆመኝም እንደ ጥፋቴ መጠን እችለዋለሁ። እኔን የምታንገበግበኝ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ልቀይር ስሄድ የምጠየቃት አንዲት ጥያቄ ናት፦ «ጋሼ፣ ስንት ቁጥር ይሁንልህ?»

ጫማ ልለካ የመጣሁ ነው የሚመስለው።

ባለፈው ቅዳሜም ያው ሆነ። ቪትዜን ጉድጓዱ ላይ አቆምኩ። መካኒኩ ልጅ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያዋን መዘዘና ጫፏ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሸት አሸት አደረገው። አሸተተው። ቀና ብሎ ሰማይ ሰማይ አየ። እናቴ ገበያ ወጥታ ቅቤ ስትመርጥ ልክ እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ እሷ ግን ቅቤው ባዕድ ነገር ካለበት አሽትታ ትደርስበት ነበር።

«ይሄ ቀጥኖብሃል፤ ሃያ ሃምሳ እናድርግበት» አለና መልሴን ሳይጠብቅ ከሥር ገብቶ በ14 ቁልፍ ቡሎኑን ፈታው። ዘይቱ ተንዠቀዠቀ።

«መጽሐፉ ላይ 5 ደብሊው 30 ነው የሚለው» አልኩ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብዬ። መጽሐፉ በጃፓንኛ ነው። ከመኪናዋ ጋር ከነላስቲኩ መጣ፤ ቤተሰቡ በሙሉ አገላብጦት ማንበብ የቻልነው ቁጥሩን ብቻ ነው።

«እሱ ለጃፓን ነው ጋሼ። ደብሊው ማለት እኮ ዊንተር ነው፤ ክረምት። የእነሱ ክረምት ከባድ ነው» የሚል ድምፅ ከሥር መጣ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ቤቴ በሰዓቱ እገባ ነበር።

ደብሊው ዊንተር መሆኑስ እውነት ነው። የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ዘይትን በውፍረቱ ቁጥር መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ከደብሊው ፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሆነ ይናገራል፤ ኋላ ያለው ደግሞ ሞተሩ ግሎ 100 ዲግሪ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚወፍር። ያልገባው ሰው ወደ ጓዳው ይሂድ። ከሸማቾች የተገዛው የሚረጋ ዘይት ታኅሣሥ ላይ ጠዋት በማንኪያ ይቆፈራል፤ ፈሳሹ ዘይት ግን ያው ፈሳሽ ነው። ድስቱ ከጋለ በኋላ ሁለቱም ውሃ ናቸው። ሞተርም እንደ ድስት ነው፤ ጭንቁ ጠዋት ሲነሳ ነው። ዘይቱ ወፍራም ከሆነ ከሥር ተነስቶ ላይ እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋጫል።

(በነገራችን ላይ የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩ ከመውጣቱ በፊት ማለት ነው። ዓፄ ምኒልክን «ጃንሆይ፣ ስንት ቁጥር ይሁንልዎ?» ብሎ የደፈረ መካኒክ አልነበረም፤ ታድለው!)

የከነከነኝ ግን «ክረምት» የሚለው ነው። ዊንተርን ክረምት ያደረገው ማን ነው? ፈረንጅ ዊንተር ሲል በረዶ ማለቱ ነው። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ ጭቃ፣ ጃንጥላ፣ የተጠበሰ በቆሎ። አጥንት ሰብሮ የሚገባው ውርጭ የሚመጣው ሰማዩ ጥርት ካለ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ እሱን ደግሞ በጋ እንለዋለን። ስለዚህ የዘይቱ ደብሊው በእኛ አገር በጋ ነው ማለት ነው። ቆይ፣ አላለቀም። ጎረቤቴ መምህርት ናት፤ ሐምሌ ሲገባ ዲግሪዋን ልታሻሽል ቦት ጫማዋን ተጫምታ፣ ጃንጥላዋን ይዛ «ሰመር ልገባ ነው» ብላን ትሄዳለች። ያው ሐምሌ ለመምህርቷ ሰመር፣ ለመካኒኩ ዊንተር ነው። ሌላው ጎረቤቴ ደግሞ በየዓመቱ ሰኔ ላይ «ለክረምቱ» ብሎ ዘይት ያስቀይራል። ዘይቱ ምን ሊያደርግለት እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት እንዳይበሰብስበት።

ደግሞስ 5 ደብሊው የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ ነው፣ 20 ደብሊውም ከዜሮ በታች በ15። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ብርድ ያየ ካለ ሥጋ ሻጭ ነው፤ እሱም በፍሪጅ።

ይህን ሁሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ተናገርኩት። ልጁ በትዕግሥት ሰማኝና «አገሩ ሙቅ ስለሆነ ነው ወፍራም የሚያስፈልገው» አለኝ። እኔ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከሹራብ በላይ ጃኬት ደርቤ ነው የቆምኩት። ቀና ብዬ መደርደሪያውን አየሁ። ከላይ እስከ ታች ሃያ ሃምሳ ነው። ሌላ አንድ ጋሎን እንኳ የለም።

እውነቱን ልናገር፣ ደሜ ፈላ። የታሸው፣ የተሸተተው፣ ሰማይ የታየለት ምርመራ ከመደርደሪያው ነው የመጣው! «የለንም» ማለት ምን ይከብዳል? ዘይት የሚበላ፣ ፋሻው ያለቀ ሞተር ቢሆን ወፍራሙ ትንሽ ያስታግሰዋል፤ እቀበላለሁ። የእኔዋ ጠብታ አትበላም። ነገ ሞተሩ ሲወርድ የምከፍለው እኔ፣ ከሥራ የምቀረው እኔ፣ «ጋሼ፣ ድሮም የተነካካች ናት» የምባለው እኔ! ይህንኑ ጮክ ብዬ ተናግሬው ኖሮ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞሩ። ዞረውም አልቀሩ። ባለታክሲው «አርባ ነው» አለ። ባለላዳው «ድሮ ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረም» አለ። አንዱ በጣቱ እየቆጠረ ዘይት ሲጠቁር ሞቷል ማለት እንደሆነ አስረዳኝ፤ መጥቆሩ ጥላሸቱን እያጠበ መሆኑን ልነግረው ስል ሌላው ቀደመኝ። «አላውቅም» ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ልጁ በርጩማ አመጣልኝ። ቁጭ ስል ትዝ አለኝ፤ ባለፈው ፋሲካ የሚስቴ ወንድም ስለ ዘይት ጠይቆኝ ነበር። በጉን እየገፈፍኩ፣ ቀና እንኳ ሳልል «አርባ አድርግበት» አልኩት። መኪናው ምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

መኪናዬን ባዶ ሆዷን ጉድጓዱ ላይ ትቼ ዘይት ፍለጋ በታክሲ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሦስት ሱቅ «ሃያ ሃምሳ ይሻልሃል» አለኝ፤ አራተኛው ጋ 5 ደብሊው 30 አገኘሁ። ተመልሼ ስመጣ አንድ ሰውዬ ከጉድጓዱ የተቃጠለውን ዘይት ወደ ጀሪካን እየገለበጠ ነው። ገጠር ለሚሠራው ቤት ቋሚዎቹን ምስጥ እንዳይበላበት ሊቀባው ነው። ስንት ቁጥር እንደሆነ አልጠየቀም።

ጋሎኑ አራት ሊትር ነው፤ ቪትዜ የምትጠጣው ሦስት ከምናምን። የተረፈውን «ትተህልን ሂድ ጋሼ» ቢሉኝም እልህ ይዞኝ ነበርና አፉን በፌስታል ቋጥሬ ቤት ይዤው ገባሁ። የውጭው በር ማጠፊያ ዓመቱን ሙሉ ሲጮህብን ነበር፤ ቀባሁት። አሁን ሰው ሲገባ አንሰማም፤ ሚስቴ ይሄ ደግሞ አልተመቻትም።

እሁድ ጠዋት ቆራሌው መጣ። ጋሎኑን አገላብጦ አየው፣ ጽሑፉን በእጅጌው ወለወለው፣ አፉን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ክዳኑስ?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ክዳን ካለው ዋጋው ሌላ ነው» አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ክዳኑን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት መካኒኩ ልጅ እጅ ላይ ነው። በጨርቅ ጠረገውና ኪሱ ከተተው።