ሰርቨሩና ክላውዱ እንዳይታረቁ የሚረዱ ምክሮች

መሥሪያ ቤትዎ የሠራተኞቹን አካውንት በራሱ ሰርቨር፣ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ይዞ በኤንትራ ኮኔክት በኩል ወደ ማይክሮሶፍት ክላውድ የሚልክ ከሆነ፣ አንድ ቀን ሁለቱ መዝገቦች መለያየታቸው አይቀርም። ጠቡ ቶሎ በርዶ የአይቲ ክፍሉ ተፈላጊነት እንዳይቀንስ የሚከተሉትን ምክሮች አጥብቀው ይያዙ።

አንደኛ፣ ከቶ አይታገሡ። ማመሳሰያው ካልነኩት በየ30 ደቂቃው ይሠራል፤ የፓስወርድ ለውጥ ግን በየ2 ደቂቃው ይሻገራል። ይህን ሰምተው እንዳልሰሙ ይሁኑ። ዛሬ የተቀጠረችውን ፀሐይን ክላውድ ላይ ወዲያው ካጧት፣ የላቲን አጻጻፉን ትንሽ ለወጥ አድርገው እዚያው በእጅዎ ይክፈቱላት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ፀሐይ ይወጣሉ።

ሁለተኛ፣ የስህተት መልእክት አያንብቡ። መልእክቱ የማን አካውንት፣ በየትኛው መረጃ እንደተያዘ ይናገራል፤ ይህ ደግሞ ምርመራውን ያሳጥራል። የሂሳብ ክፍሉ አበበ ከበደና የግምጃ ቤቱ አበበ ከበደ አንድ የኢሜይል አድራሻ ቢሰጣቸው፣ ክላውዱ አድራሻውን ቀድሞ ለያዘው ለግምጃ ቤቱ ትቶ የሂሳቡን ያለዚያ አድራሻ ያስገባዋል። የሂሳቡ ደብዳቤ ሁሉ ግምጃ ቤት ሲከማች እርስዎ ሰርቨሩን ሪስታርት ያድርጉ። ደግመው ያድርጉ።

ሦስተኛ፣ እርማቱን ክላውድ ላይ ይሞክሩ። ከሰርቨር የመጣ መረጃ የሚታረመው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ክላውዱ እምቢ ይላል። እርስዎም እምቢ ይበሉ።

አራተኛ፣ የሠራተኞቹን አካውንት ከሚመሳሰለው ኦዩ (በሰርቨሩ ላይ አካውንቶች የሚመደቡበት ክፍል) አውጥተው ወደማይመሳሰለው ያዛውሩ። ሲስተሙ እንደተሰረዙ ቆጥሮ ክላውድ ላይ ያጠፋቸዋል። ቁጥራቸው ከ500 ካለፈ ግን ተጠራጥሮ ሥራውን ያቆማል። ይህን ጥበቃ ፈጥነው ያንሱት። የጠፉት አካውንቶች በ30 ቀን ውስጥ ሊመለሱ እንደሚችሉ ለማንም አይንገሩ፤ የሚጠራው አስቸኳይ ስብሰባ ይቀዘቅዛል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ ጀማሪ ባለሙያ መልእክቱን አንብቦ፣ የተደገመውን አድራሻ ሰርቨሩ ላይ አርሞ፣ 30 ደቂቃ ጠብቆ ጉዳዩን ቢጨርሰው አይደንግጡ። በሪፖርቱ ላይ «በማኔጅመንቱ ቆራጥ አመራርና በክፍሉ የተቀናጀ ርብርብ ተፈትቷል» ብለው ይፈርሙ።