ጥጥ የጎረሰች አሻንጉሊት

አርባ ዓመት ሙሉ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እዚህ ለገዳዲ ልብስ ስሰፋ ኖሬያለሁ። አንዲት ሴት ገና ከበሩ ሳታልፍ ግራ ትከሻዋ ዝቅ ማለቱን፣ ወገቧ አጭር መሆኑን አውቃለሁ። ሜትሩን የማነሳው ለወጉ ያህል ነው። ዘንድሮ ግን የልጅ ልጄ ራስም እጅም የሌላት፣ በአንድ እግር የቆመች ሴት ከመርካቶ ገዝታ መጣችና ከሲንጀሬ አጠገብ ገተረችብኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከአሻንጉሊት ጋር!

ገዝታ ብትተዋት ምን ነበረበት? ታወፍራታለች እንጂ። ሜሪላንድ ያለች ደንበኛ ለሠርጓ የሐበሻ ቀሚስ አዝዛ ልኬቷን በስልክ ልካለች። ሰውነቷ እዚያ፣ ሸማው እዚህ። ስለዚህ አሻንጉሊቷ እሷን ትሁን ተባለ። የተገዛችውም ሆን ተብሎ ከደንበኛዋ የቀጠነች ናት፤ «አባባ፣ መጨመር እንጂ መቀነስ አይቻልማ!» ትለኛለች። ይህን አልክድም። ጨርቅ ተቃራኒው ነው፤ አንዴ ከቆረጡት ወዲያ አይጨመርበትም።

መጀመሪያ ጡት መያዣ አለበሰቻት። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። እሱን በጥጥ ሞልታ ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ዳሌ ወረደች። ጥጡን መሐሉ ላይ ትደራርብና ጠርዙን በጣቷ እየነጨች ታሳሳዋለች፤ በመቀስ ከተቆረጠ እንደ እርከን ሆኖ ከቀሚሱ ላይ ይታያልና። አንድ ድርብ ጥጥ፣ ስፒል፣ ሜትር፤ እንደገና ጥጥ። ዙሪያው ልክ ሲመጣ ያለቀ መስሎኝ ቡና አዘዝኩ። ለካስ 90 ሴንቲ ሜትር ብቻውን ምንም አይናገርም! ቦርጭም 90 ያመጣል፣ መቀመጫም 90 ያመጣል። ደንበኛዋ በጎኗ ቆማ ፎቶ እንድትልክ ታዘዘች። ጥጡ ከፊት ተነቅሎ ወደ ኋላ ተዛወረ። በመጨረሻም የሚለጠጥ ጨርቅ አጥብቃ አለበሰቻት፣ ወገቧንም በክር አሰረችላት።

የዚያን ዕለት ማታ መብራት ጠፍቶ ባለቤቴ ሻማ ይዛ ስትገባ «እንደምን አመሹ» ብላ እጅ ነሳቻት። መልስ ስታጣ ደግሞ ተቀየመች።

ልጅቷ ለዚህ ሁሉ ጠበቃ አታጣም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ አሌክሲስ ላቪኝ የሚባል፣ ለእቴጌ ኤውጄኒ የሚሰፋ ሰው ነበረ አሉ፤ ስሙ ከእንዲህ ዓይነቷ አሻንጉሊት ጋር ይነሳል። ታላላቆቹ የፓሪስ ስፌት ቤቶችም ለየደንበኞቻቸው በልካቸው የተሞላ አሻንጉሊት ያስቀምጣሉ። «የሚተጣጠፈውን ሜትር ፈጠረ የሚባለውም እኮ እሱ ራሱ ነው» አለችኝ። ሜትሩን አንገቴ ላይ ዳሰስኩት። አርባ ዓመት ሙሉ የፈረንጅ ዕዳ ተሸክሜ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ይሁን። ግን አንድ ነገር ጠየቅኋት። «ይህ ልኬት መቼ ተላከ?»

«በሁዳዴ አጋማሽ።»

«ትጾማለች?»

«አንድ ቀን አታስታጉልም።»

«ሠርጉስ?»

«ከፋሲካ በኋላ።»

ጉድ በሉ! ከ55ቱ የጾም ቀን ግማሹን ያህል ከሥጋና ከቅቤ የራቀ ወገብ እኮ ነው ጥጥ የተሞላለት። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ አበባን የሚያጠጣው የለገዳዲ ግድብ እንኳ ክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል። ግንቦት ላይ ለክቶ «ግድቡ ይህን ያክላል» የሚል መሐንዲስ ይኖራል? አሻንጉሊት አትበላ፣ አትጠጣ፣ አትተነፍስ። ሙሽራ ግን ትቀመጣለች፣ ትጎርሳለች፣ ትጨፍራለች። ዚፑ ሠርግ ቤት ውስጥ ቢተረተር የሚሰደበው ጥጡ ሳይሆን እኔ ነኝ።

ልጅቷ ግን «ልኬት ልኬት ነው» ብላ ተኛች።

እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሌሊት ተነስቼ የአሻንጉሊቷን ልብስ ገለጥ አደረግሁና ሆዷ ላይ አንድ እፍኝ ጥጥ ጨመርኩ፤ ጠርዙን እየነጨሁ። ለክቼ አየሁት፤ ትንሽ ደገምኩላት። ለካስ ባለቤቴ ሻማዋን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች።

«አንተ ሰውዬ! በዚህ ሌሊት ምን እያደረግኻት ነው?»

«ጾም እያስፈታኋት።»