መላእክቱና አመዱ

የራያዋ ዋጃ ላይ ሥዕልን የሚፈጀው ሌባ ሳይሆን ምስጥ ነው። ምስጥ የተወውን አቧራ ይወርሰዋል፤ አቧራ የተወውን የቆላው ፀሐይ በቆርቆሮ ጣራ በኩል ያበስለዋል። የአክስቴ የወረቀት ሥዕል ከጀርባው ተበልቶ መስታወቱ ብቻ ሲቀር ደወሉልኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ምስጥ የማይበላው አምጣልኝ።» የሚፈልጉትም የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ነው፤ እነዚያን ዓይናቸው ከሰው የማይነቀል የመላእክት ፊቶች። ድርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ያቺን ቤተ ክርስቲያን ንብ አዳናት ይባላል። ምስጥን ግን ንብም አያባርረውም።

አዲስ አበባ ውስጥ «ብረት ላይ እናትማለን» የሚል ሞልቷል። ገሚሱ ስቲከር አትሞ ላሜራ ላይ ይለጥፋል፤ ያ የሱቅ ታፔላ ነው፣ በራያ ሙቀት ጠርዙ ይላጣል። ሌላው ቀለሙን በቀጥታ ብረቱ ላይ ረጭቶ በብርሃን ያደርቀዋል፤ ያምራል፣ ግን ቀለሙ ላይ ላዩን ስለሚቀር ጭረት አይችልም። እኔ የመረጥኩት ኩባያ ላይ ፎቶ የሚያትሙ ልጆች የሚሠሩበትን ዘዴ ነው። ሥዕሉ ተገልብጦ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ወረቀቱ ሽፋን ከተቀባ አልሙኒየም ጋር ተጋጥሞ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ይጫናል፤ ቀለሙ ተንኖ ሽፋኑ ውስጥ ይሰርጋል።

ያኔም ምርጫው አያልቅም። አልሙኒየሙ ነጭ መደብ ከሌለው በሥዕሉ ላይ ነጭ የሆነው ሁሉ እርቃኑን አልሙኒየም ይሆናል። ናሙናውን አየሁት፤ የመላእክቱ ዓይን እንደ መኪና መብራት ያበራል፣ በዚያ ሥር እራት የሚበላ ሰው የሰረቀ ይመስላል። ነጭ መደብ ያለው፣ የማያብለጨልጭ ይሁን አልኩ። የሚያብለጨልጨው ፊት ለፊቱ በር ካለ ከመልአክ ይልቅ በሩን ነው የሚያሳየው። ማንጠልጠያውም የተጨመቀ እንጨት ነበር። ለምስጥ ስንቅ ቋጥሬ ልሄድ? በአልሙኒየም አስቀየርኩት።

ብረት ላይ መሣል አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን አውሮፓውያን ቀጭን መዳብ ላይ ይሥሉ ነበር፤ ጀርመናዊው አዳም ኤልስሃይመር ሥራዎቹን ከሞላ ጎደል በመዳብ ላይ ነው የሠራው። መዳብ እንደ ሸራ አይረግብም፣ እንደ እንጨት አይሰነጠቅም። እኛስ ብንሆን አበባ የታተመበት ትሪ ያልነበረው ቤት የት አለ?

ሥዕሉን ይዤ ወደ ዋጃ የሄድኩበትን መንገድ ባልተርከው ይሻል ነበር። ረዳቱ «ጣራ ላይ ይጫን» አለ፤ የአልሙኒየም ጥግ አንዴ ከታጠፈ አይቃናምና እምቢ ብዬ ጭኔ ላይ አቀፍኩት። ጎኔ የተቀመጡ አባት ከወልድያ ጀምሮ በዓይናቸው ሲመዝኑት ቆይተው ቆቦ ስንገባ «ይሄ ሶላር ስንት አምፖል ያበራል?» አሉኝ። መላእክት ናቸው ብላቸው ፊታቸውን አዞሩ። ዋጃ ስወርድ አልተሰናበቱኝም።

ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘውን ግድግዳ መርጬ ሰቀልኩ። ለአክስቴ ደግሜ ደጋግሜ ነገርኳቸው፦ በለስላሳ ጨርቅ፣ በትንሽ ውሃ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ፤ ሽቦ የለም፣ በረኪና የለም፣ አመድ የለም። «እሺ ልጄ» አሉ።

ለፋሲካ ስመለስ መላእክቱ ጭጋግ ውስጥ ገብተዋል። ቀለሙ አልወጣም፤ ሽፋኑ ግን ክብ ክብ እየሠራ ተፈትጓል፣ የመካከለኛው መልአክ ጉንጭ ፈንጣጣ የያዘው ይመስላል።

«አመድ አይንካው አላልኩዎትም?»

«ብረት አይደል? ብረት በምን ይታጠባል ታዲያ?»

«የጎንደሮቹ እኮ እንዲህ አይፈተጉም።»

«ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል።»

አክስቴ አማተቡ። «ሁለት መቶ ዓመት ሳይታጠብ! ኧረ እዚያ አገር ሴት የለም እንዴ?»